ከአር 5 ወደ አር 5 ማርክ 2 ልሻገር? ለሀዋሳ አዳራሾችና ለሐይቁ ወፎች

የታቦር ሌንስ፦
ሰላም ወንድሞችና እህቶች። የምሠራው በካኖን አር 5 ነው። ሥራው ሠርግ፣ ምርቃትና ስብሰባ፣ ማለዳ ደግሞ ሐይቁ ዳር ወፍ ነው። ማርክ 2 ይፋ የሆነው ሐምሌ 10 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር የተወሰነው ከዚያ 12 ቀን በኋላ ስለሆነ፣ ያኔ 4,299 ዶላር ሲባል በልባችን ያሰላነው ብርና ዛሬ የሚጠየቀው አይገናኙም። ለዚህ ነው አስቀድሜ የምጠይቀው።

መግለጫውን አንብቤዋለሁ። ፒክስሉ ያው 45 ሚሊዮን ነው፤ በኤሌክትሮኒክ ሹተር በሰከንድ 20 የነበረው 30 ሆኗል፤ ሴንሰሩም ስታክድ (ምስሉን በፍጥነት የሚያነብ ባለ ድርብርብ) ነው። እኔ የምፈልገው መግለጫው ላይ የሌለውን ነው። የአዳራሽ ኤልኢዲ የሚያመጣው መስመር ይጠፋል ወይ? ያሉኝ ባትሪዎች፣ ከካሜራው ሥር የሚገጠመው የባትሪ መያዣ (ግሪፑ)፣ ካርዶቹና ፍላሽ በርቀት የሚያስተኩሰው የጎዶክስ ትሪገሬ ይሠራሉ ወይስ ሁሉንም እንደገና ልገዛ ነው? ለወፍስ ልዩነቱ በዓይን የሚታይ ነው?

ጥላና ብርሃን፦
ከመስመሩ ልጀምር፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው እሱን ሽሽት ነውና።

መስመሩ የካሜራ ብልሽት አይደለም። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሽ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ 100 ጊዜ ይደበዝዛል፤ አንዱ ዙር 10 ሚሊሰከንድ ነው። ኤሌክትሮኒክ ሹተር ደግሞ ሴንሰሩን ከላይ ወደ ታች ረድፍ በረድፍ ያነባል። አር 5 አንብቦ ለመጨረስ 16 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። በዚያ መሀል መብራቱ አንድ ዙር ተኩል ስለሚሄድ ፎቶው ላይ ደማቅና ደብዛዛ ቀበቶ ይወጣል። ማርክ 2 በ6 ሚሊሰከንድ ገደማ ይጨርሳል። ያ ከአንድ ዙር ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ቀበቶው ሲጠፋ አይታችሁ ችግሩ ያለቀ ይመስላችኋል። ግን አላለቀም፤ መልኩን ነው የቀየረው። የሙሽራው ፊት ደምቆ የሙሽሪት ቀሚስ ታችኛው ክፍል ጠቆር ወይም ቢጫ ብሎ ይወጣል፤ ቀጣዩ ፍሬም ላይ ደግሞ ይገለበጣል። በዚያ ላይ ኮምፒውተር ላይ አንድ ማስተካከያ ለሁሉም ፎቶ አይሠራም፤ እያንዳንዱን ለየብቻ ማረም ነው። ይሄ ከቀበቶው የባሰ ሥራ ነው።

መፍትሔው ያላችሁ ካሜራ ላይ አለ። ለአምፖልና ለሸምበቆ መብራት ሹተሩን 1/100 ወይም 1/50 ላይ አድርጉት፤ እያንዳንዱ ረድፍ ሙሉ ዙር ስለሚያይ ሁሉም እኩል ብርሃን ያገኛል። 1/125 ላይ ግን ዙሩ ይጎድላል። መብራት ጠፍቶ አዳራሹ ወደ ጄኔሬተር ሲዞር ደግሞ ድግግሞሹ ከ50 ከፍ ዝቅ ይላል፤ ያኔ አንድ ሁለት ፍሬም አንስቶ እንደገና ማየት ያስፈልጋል።

የመድረኩ ኤልኢዲና ከሙሽሮቹ ጀርባ የሚተከለው ስክሪን ሌላ ጉዳይ ነው። እነዚህ በሰከንድ በመቶዎች ወይም በሺዎች ጊዜ ነው የሚጠፉትና የሚበሩት። እዚህ ጋ ማርክ 2 ዋጋውን ያሳያል፤ ለከፍተኛ ድግግሞሽ ብልጭልጭታ የተሠራ ማስተካከያ አለው፤ ሹተሩን በአሥርዮሽ ይቆርጠዋል። ለምሳሌ መብራቱ 1,040 ኸርዝ ከሆነ 1/104.0 ልክ አሥር ዙር ይይዛል፤ መስመሩም ይጠፋል። የሚሠራው የሹተሩን ፍጥነት ራሳችሁ በምትመርጡባቸው በቲቪ (Tv) ወይም በኤም (M) ሞድ ነው። እንግዳ ከመግባቱ በፊት መድረኩን አብሩትና ነጭ ግድግዳ ወይም የሙሽሮቹን መጋረጃ በኤሌክትሮኒክ ሹተር 1/1000 ላይ አንሱ። መስመሩ ከታየ ማስተካከያውን ከፍታችሁ ካሜራው ራሱ እንዲለካ አድርጉ፤ ወይም መስመሩ ቀጥ ብሎ እስኪጠፋ ጎማውን ቀስ እያላችሁ አዙሩ። የተገኘውን ቁጥር ከአዳራሹ ስም ጋር ስልካችሁ ላይ ጻፉት፤ አምፖሉና ስክሪኑ እስካልተቀየረ ድረስ ሌላ ጊዜም ያገለግላል።

ይሄን ሁሉ ካልፈለጋችሁ መስመሩን ለማሳነስ ሜካኒካል ሹተር አለላችሁ። መጋረጃው ሴንሰሩን የሚያቋርጠው በ4 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ ከስታክዱ ሴንሰር እንኳ ይፈጥናል። ለአዳራሽ መስመር ብቻ ብሎ ካሜራ መቀየር ተገቢ ነው ብዬ አላምንም።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ሌዘር የሚጠቀም ዲጄ ካለ ጨረሩ ከሰው ራስ በላይ እንዲሄድ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። በሌንስ በቀጥታ የገባ ሌዘር ሴንሰሩን በቅጽበት ሊያቃጥል ይችላል፤ ስታክድ ሆነ አልሆነ አይመርጥም።

ስቱዲዮ ፒያሳ፦
ስለ ዕቃው እኔ ልመልስ።

ባትሪ፦ አዲሱ ኤልፒ-ኢ6ፒ ይባላል። ቅርጹም የሚይዘው ኃይልም (2,130 ሚሊአምፒር-ሰዓት) ከአር 5ቱ ኤልፒ-ኢ6ኤንኤች ጋር አንድ ነው፤ የሚለየው በአንድ ጊዜ የሚያወጣው ኃይል ነው። የቀድሞዎቹ ይገባሉ፣ ካሜራውም ይነሳል፤ ነገር ግን ከባዱ ቪዲዮና ቅድመ-ቀረጻው (ቁልፉ ከመጫኑ በፊት ያለውን የሚይዘው) ይዘጋሉ። ሜኑ ላይ አንድ ነገር ደብዝዞ አልከፈት ካላችሁ መጀመሪያ የሚታየው ባትሪው ነው። ከካሜራው ጋር ከሚመጣው ሌላ ቢያንስ ሁለት አዲስ ባትሪ ዋጋው ላይ ደምሩ። ኦሪጅናል ያልሆነውን ለዚህ ካሜራ አልመክርም።

ግሪፕ፦ ቢጂ-አር10 አይገጥምም። አዲሱ ቢጂ-አር20 ነው።

ትሪገር፦ ካሜራው ላይ ፍላሽ የሚሰካበት ቦታ ወደ አዲሱ ባለብዙ-ተግባር ሹ ተቀይሯል። የጎዶክስ ትሪገር መደበኛውን አምስት ፒን ስለሚጠቀም ይሠራል። ሲገባ እስከ መጨረሻው ገፍታችሁ ቁልፉን አጥብቁ፤ በግማሽ ከቆመ አንዴ ይተኩሳል አንዴ ይቀራል። እግራቸው ላይ አቧራና ውሃ መከላከያ ላስቲክ ያላቸው የካኖን ፍላሾች፣ እንደ 600ኢኤክስ 2 ያሉት፣ ኤዲ-ኢ1 የሚባል አዳፕተር ይፈልጋሉ። አዳፕተሩ ሳይገዛ ከቀረ ችግሩ የሚታወቀው የሠርጉ ዕለት ነው።

ኤችዲኤምአይ፦ ትንሿ ማይክሮ ቀርታ ሙሉው መጠን ሆኗል። ገመዱን በሰው እግር መሀል እያሳለፉ ከአዳራሽ ስክሪን ጋር ለሚያገናኙ ይሄ ብቻውን ትልቅ እፎይታ ነው፤ የማይክሮዋ ቀዳዳ ገመዱ በተጎተተ ቁጥር ትላላለች።

ካርድ፦ እንደ በፊቱ አንድ ሲኤፍኤክስፕረስ ታይፕ ቢ፣ አንድ ኤስዲ። ሁለቱም ላይ ሮው (ጥሬውን የፎቶ ፋይል) ለመጻፍ ካዘዛችሁት ፍጥነቱን የሚወስነው ዝግተኛው ኤስዲ ነው፤ ሙሽሮቹ ሲገቡ 30 ፍሬም በሰከንድ ተጭናችሁ ከያዛችሁ ፎቶ ካርዱ ላይ እስኪጻፍ የሚቆይበት የካሜራው ቋት በሦስት ሰከንድ ገደማ ይሞላል፣ ከዚያ ካሜራው እየቆጠበ ያነሳል። ሮውን ሲኤፍኤክስፕረሱ ላይ፣ ጄፔጉን ኤስዲው ላይ ብታደርጉ ይሻላል። ሲ-ሮው (የታመቀው ሮው) ደግሞ የፋይሉን መጠን በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ለሠርግ ከበቂ በላይ ነው። አዲስ የተገዛ ካርድ፣ በተለይ ማሸጊያው የተነካ፣ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ኮምፒውተር ላይ እስከ አፉ ተሞልቶ ተመልሶ ይነበብ። አስመስለው የሠሩት 128 ጊጋ ብሎ 32 ላይ ይቆማል፤ ፎቶው የተቀመጠ ይመስላል እንጂ አይከፈትም።

ማንም የማያስታውሰው ደግሞ የአዶቤ ፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይትሩም ነው። ካሜራው ከመውጣቱ በፊት የተጫነ ቅጂ የማርክ 2ን ሮው አይከፍትም። አዶቤ በነጻ በሚሰጠው ዲኤንጂ መቀየሪያ አልፎ ማስገባት ይቻላል፤ የካኖን የራሱ ዲጂታል ፎቶ ፕሮፌሽናልም በነጻ ይከፍታል። ሁለት ሺህ ፎቶ መቀየር ግን ሌሊቱን የሚወስድ ሥራ ስለሆነ ቀድማችሁ ሞክሩት።

አሞራ ገደል፦
ለወፍ ከሆነ ልዩነቱ በዓይን ይታያል፤ ምክንያቱም ፒክስሉ አይደለም።

ጥቁርና ነጭ የሆነችው ኪንግፊሸር ውሃው ላይ ባለችበት ክንፏን እያርገበገበች ትቆምና ድንገት ትወረወራለች። መወርወሯን አይቶ ጣት እስኪጫን ድረስ ወፏ ውሃ ውስጥ ናት። በማርክ 2 ቅድመ-ቀረጻውን ከፍታችሁ ቁልፉን በግማሽ ትይዛላችሁ፤ ሙሉ ስትጫኑ ካሜራው ከመጫናችሁ በፊት ያለውን ግማሽ ሰከንድ፣ እስከ 15 ፍሬም፣ አብሮ ይሰጣችኋል። ክንፏን አጥፋ ምንቃሯ ወደ ታች የዞረችበት ፍሬም ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ቁልፉን በግማሽ ለረጅም ጊዜ መያዝ ባትሪውን ስለሚበላው ወፏ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣ ሳለ ሳይሆን አየር ላይ ስትቆም ብቻ ያዙ።

ሁለተኛው የክንፍ መጣመም ነው። አር 5 በኤሌክትሮኒክ ሹተር የዓሣ ንስርን ክንፍ ጫፉን ያንሻፍፈዋል፤ ከላይ ያለው ረድፍና ከታች ያለው ረድፍ በተለያየ ጊዜ ስለሚነበቡ ነው። ማርክ 2 ላይ ይሄ በጣም ቀንሷል፤ ለፈጣን ትንንሽ ወፍ ግን ጨርሶ አልጠፋም።

ለአባ ኮዳ ብላችሁ ግን አትቀይሩ። ዓሣ ገበያው ላይ ሁለት ሜትር ርቀት ቆሞ የዓሣ አንጀት ለሚጠብቅ ወፍ የአር 5 ሜካኒካል ሹተር 12 ፍሬም በሰከንድ ከበቂ በላይ ነው። እዚያ የሚያስቸግረው ብርሃኑ ነው። ከተማው ከሐይቁ ምሥራቅ ስለሆነ ጠዋት ፀሐይ ከጀርባችሁ ሆና ወፉንም ውሃውንም እኩል ታበራለች፤ ከሰዓት በኋላ ፊት ለፊት ትመጣና ወፉ ጥላ ብቻ ይሆናል። ከንጋት ጀምሮ ያለችውን ሁለት ሰዓት ያህል ተጠቀሙባት። ከዚያ በኋላ ከውሃው የሚነሳው ሙቀት ራቅ ያለውን ነገር ሁሉ ያርገበግበዋል፤ ፎከስ የሳተ ይመስላል እንጂ አልሳተም፣ ሌንስ ማረምም አይረዳም።

ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነና ሌንሱ 200 ሚሊሜትር ላይ የሚያበቃ ከሆነ፣ መጀመሪያ ሌንሱ። አርኤፍ 100-500 በአር 5 ላይ፣ ማርክ 2 ከ70-200 ጋር ከሚሰጠው የተሻለ የወፍ ፎቶ ይሰጣል።

ነጠላ ለባሽ፦
ጥላና ብርሃን ስለ መስመሩ የጻፍከው ልክ ነው ወንድሜ። ሠርግ ላይ ጥቅሙን ያሳነስከው ግን ይመስለኛል፤ ሠርግ አዳራሽ ብቻ አይደለም።

ተክሊል ላይ ካህኑ ጸሎት ሲያደርሱ የሜካኒካል ሹተር ድምፅ እስከ መጨረሻው ረድፍ ይሰማል። አር 5 ድምፁን ለማጥፋት ኤሌክትሮኒክ ላይ ሲደረግ ሮው ፋይሉ ከ14 ቢት ወደ 12 ቢት ይወርዳል (የሚይዘው ዝርዝር ይቀንሳል)፣ ፍላሽም አይተኩስም። ማርክ 2 በኤሌክትሮኒክ ሹተር 14 ቢት ይዞ ይቆያል፤ ፍላሽም እስከ 1/160 ይቀበላል። ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ይሄ መሠረታዊ ለውጥ ነው። በቀን ፀሐይ ላይ ወይም ስቱዲዮ ውስጥ ግን ፍላሽ ስትጠቀሙ ወደ ሜካኒካል 1/200 ተመለሱ።

ሌላው፣ የሰው ፊት መመዝገብ ይቻላል። ሙሽሪትንና ሙሽራውን ሥራ ከመጀመሩ በፊት መዝግቡ፤ ሚዜና አጃቢ መሀል ሲገቡ ፎከሱ የት መሄድ እንዳለበት ያውቃል። ሙሽሪትን ሜካፕ ካለቀ በኋላ ፊት ለፊት፣ በደህና ብርሃን አንስታችሁ መዝግቡ። ዓይነ ርግብ ሲወርድ መሳቱ አይቀርም፤ ያኔ አንዷን የፎከስ ነጥብ በእጅ ማንቀሳቀስ ነው።

ማርክ 2 የሚያንስበትም አለ። በዝቅተኛ አይኤስኦ የተነሳ ፎቶ ላይ ጥላውን ኮምፒውተር ላይ በብዛት ስታደምቁት ከአር 5 በጥቂቱ ይሻክራል። የሀበሻ ቀሚስ እንዳይነጣ ብሎ ሁለት ስቶፕ (የብርሃን ደረጃ) አጨልሞ አንስቶ በኋላ ፊቱን ማድመቅ የለመደ ሰው ልዩነቱን ያየዋል። ሂስቶግራሙ (የብርሃን ስርጭቱን የሚያሳየው ግራፍ) ላይ የነጠላው ነጭ ቀኙን ጠርዝ ሳይነካ እስኪጠጋ ድረስ ክፈቱት፤ የጥለቱ ክርና የሽመናው ቀዳዳ በግልጽ እስከታየ ድረስ ነጩ አልተቃጠለም።

የታቦር ሌንስ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ነጠላ ለባሽ፣ የተክሊሉን ነገር አላሰብኩትም ነበር። አር 5ን ሳልሸጥ ሁለተኛ ካሜራ ባደርገው የሁለቱ ቀለም ይስማማል? ቪዲዮስ፣ ቀትር ላይ መልስ ሲሆን ይሞቃል?

ስቱዲዮ ፒያሳ፦
ይሞቃል፤ ከአር 5 ግን ዘግይቶ። ማርክ 2 የአየር ማስወጫ አለው፤ ማራገቢያ ያለው ግሪፕም ለብቻው ይሸጣል። ያለ ማራገቢያ ድንኳን ውስጥ ለሚቀረጽ ረጅም ቪዲዮ ከ8ኬ ተሰብስቦ የሚመጣውን ፋይን የሚባለውን 4ኬ ትታችሁ ተራውን 4ኬ ተጠቀሙ፤ ፋይኑ ከተራው ይልቅ ካሜራውን ያሞቃል። ሜኑ ላይ በሙቀት ራሱን የሚያጠፋበትን ደረጃ ከስታንዳርድ ወደ ሃይ ቀይሩት፤ ከዚያ በኋላ ካሜራውን በትሪፖድ እንጂ በእጅ አትያዙት። ፀሐይ ካረፈበት ነጭ ነጠላ ጣል አድርጉበት፤ የአየር ማስወጫውን ግን እንዳትሸፍኑት።

ጥላና ብርሃን፦
ነጠላ ለባሽ፣ ስለ ተክሊሉ ተቀብያለሁ።

ቀለሙን በተመለከተ፣ ሁለቱንም ኦቶ ዋይት ባላንስ ላይ ከተዋችኋቸው አይስማሙም። ሁለቱንም በኬልቪን አንድ ቁጥር ላይ አስሩ፣ ፒክቸር ስታይሉንም አንድ አድርጉት፤ የቀረችውን ትንሽ ልዩነት ላይትሩም ላይ አንድ ጊዜ አስተካክሎ ለአንደኛው ካሜራ ፎቶዎች በሙሉ መገልበጥ ይቻላል። ሰዓታቸውን ደግሞ ጠዋት ከመውጣታችሁ በፊት እስከ ሰከንዱ ድረስ አንድ አድርጉ፤ አለዚያ ፋይሎቹ በሰዓት ሲደረደሩ ኬክ ቆረሳው ከሙሽሮቹ መግቢያ በፊት ይመጣል።