ሞንቴ ካርሎ ላይ ከመርከብ ወርደን ብቻችንን መዞር እንችላለን? (ከልጆችና ከእማዬ ጋር)

የሜላት እናት፦
ሰላም ለሁላችሁም እንዴት ሰነበታችሁ፣ ምክር ፈልጌ ነው። እኛ ፍራንክፈርት ነው የምንኖረው፣ በኦገስት አጋማሽ ከባርሴሎና የሚነሳ የአንድ ሳምንት ክሩዝ ቆርጠናል፣ እኔና ባለቤቴ፣ የ14 ዓመት ወንድ ልጃችን፣ ሜላት 6 ዓመቷ ነው፣ እና ለክረምቱ ከአዲስ አበባ የመጣችው እናቴ። አንደኛው ቀን ሞንቴ ካርሎ (ሞናኮ) ነው፣ መርከቡ ጠዋት 2 ሰዓት ገብቶ ማታ 12 ሰዓት ይነሳል (በኛ ሰዓት ነው የምጽፈው)። የመርከቡን ኤክስከርሽን (ራሳቸው የሚያዘጋጁትን ጉብኝት) ዋጋ አይቼ ለአምስት ሰው ሳበዛው ደነገጥኩ፣ በዛ ላይ በአውቶቡስ ጭነው ኒስንና ኤዝን (አጠገቡ ያሉ የፈረንሳይ ቦታዎች ናቸው)፣ ሞናኮን በአንድ ቀን ነው የሚያዞሩት፣ እማዬ ጉልበቷን ስለሚያማት በየሃያ ደቂቃው መውጣት መግባቱን አትችለውም። ባለቤቴ ብቻችንን እንውረድ ይላል። እኔ ግን ፎቶው ላይ የማየው ሁሉ ዳገትና ደረጃ ነው፣ የሀብታም አገር ስለሆነም ቡና ለመጠጣት እንኳን ፈራሁ። ሌላው ጉዳይ ቀኑ ፍልሰታ ላይ ነው የሚውለው፣ እማዬ እስከ 9 ሰዓት ትጾማለች ዓሣም አትነካም፣ መርከቡ ላይ እንደምንም ይገኛል፣ ውጪ ምን አበላታለሁ? ቪዛዋስ ለሞናኮ ይሆናል? የሄዳችሁበት ካላችሁ እባካችሁ።

ብርቱካን ከኒስ፦
የሜላት እናት ሰላም ነሽ፣ እኔ ኒስ ነው የምኖረው ለሥራ በየቀኑ ሞናኮ እመላለሳለሁ፣ ስለዚህ ይሄን ጥያቄ ሳልመልስ ማለፍ አልቻልኩም። በፍጹም ኤክስከርሽን እንዳትገዢ! አገሩ በሙሉ ሁለት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው እኮ፣ ዳገቱ እውነት ነው ግን በየቦታው ለሕዝብ የተሰራ ሊፍት አለ፣ ነጻ ነው፣ የሰፈሩ አሮጊቶች ዘንቢላቸውን ይዘው በሱ ነው የሚወጡት የሚወርዱት።

አሁን እማማን ይዘሽ እንዴት እንደምትሄጂ ልንገርሽ። መርከባችሁ በትልቁ የባህር ግድብ ላይ ከቆመ (352 ሜትር ነው ርዝመቱ፣ ስፔን ተሰርቶ በባህር ተጎትቶ መጥቶ በ2002 የተተከለ ነው፣ ለልጅሽ ንገሪው ይወደዋል) ከመርከቡ ስትወርዱ የአለቱን (አሮጌው ከተማና ቤተ መንግሥቱ ያለበትን ከፍታ) ግርጌ ይዛችሁ ፓርኪንግ ዴ ፔሸር የሚለውን ምልክት ተከተሉ። መኪና ማቆሚያ ነው፣ እዛ ውስጥ ያለው ሊፍት አለቱን ሰርስሮ ወደ ላይ ይወስዳችኋል፣ ስትወጡ የውቅያኖስ ሙዚየሙ አጠገብ ናችሁ። ብዙ ሰው ይሄን ሳያውቅ ነው በፀሐይ ዳገቱን የሚወጣው፣ በየክረምቱ እናቶች ደረጃው መሃል ቁጭ ብለው ሲያለከልኩ ሳይ ያሳዝኑኛል።

ሙዚየሙን በ1910 ያስከፈተው ልዑል አልበርት ቀዳማዊ ነው፣ ራሱ በመርከብ እየዞረ ባህር ያጠና የነበረ ሰው ነው፣ በኋላም ታዋቂው ፈረንሳዊ የባህር አሳሽ ዣክ ኩስቶ ለ30 ዓመት ገደማ በዳይሬክተርነት መርቶታል። ሜላትን ከታች ካለው የዓሣ ክፍል ጎትተሽ ነው የምታወጫት። ከፍቶ እንደገባ ግቡ፣ አርፍዶ ሰልፉ አይቻልም። ከዛ አጠገቡ ሴን ማርተን የሚባለው የአትክልት ስፍራ ጥላ አለው አግዳሚ ወንበር አለው፣ እማማ እዛ ይረፉ። ቀጥሎ ካቴድራሉ ነው፣ ከመሠዊያው ጀርባ ዞር ስትሉ የልዕልት ግሬስ (የሆሊዉድ ተዋናይት የነበረችው ግሬስ ኬሊ) እና የባለቤቷ መቃብር ወለሉ ላይ ጎን ለጎን አለ፣ የሷ ድንጋይ ላይ ስሟ በላቲን ነው የተጻፈው፣ እኔ በሄድኩ ቁጥር አበባ አጥቼበት አላውቅም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነው ግን እማማ ነጠላቸውን ይያዙ፣ ትከሻ ተገልጦ መግባት አይወዱም። ከዛ ለ6 ሰዓት 5 ጉዳይ ላይ ቤተ መንግሥቱ በር ላይ የዘቦች ቅያሪ አለ፣ በየቀኑ ነው፣ በሙቀቱ ወራት ነጭ በነጭ ነው የሚለብሱት። ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ቦታ ያዙ።

ከአለቱ በእግር አትውረዱ፣ 1 ወይም 2 ቁጥር አውቶቡስ ያዙ፣ ካዚኖው ድረስ ይወስዳል። ካዚኖውን ከውጪ ማየት ይበቃል ባይ ነኝ፣ የፓሪሱን ኦፔራ የሰራው ሻርል ጋርኒዬ እዚህም አሻራው አለ። ለቁማር ከ18 ዓመት በታች አይገባም፣ የሞናኮ ዜጎች ራሳቸውም በሕግ ተከልክለዋል። አደባባዩ ላይ ግን ምንም ነገር አትዘዙ፣ ውሃ ከመርከቡ ሞልታችሁ ውጡ። ለወንዱ ልጅሽ ደግሞ የፎርሙላ ዋን መንገድ ማለት የከተማው መንገድ ማለት ነው፣ ዙሩ 3.337 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከካዚኖው ወደ ታች ወርዶ ያንን ጠባብ ኩርባ አልፎ በዋሻው ውስጥ በእግረኛ መንገድ ወደ ወደቡ መውጣት ይችላል፣ አባቱ ይዞት ይሂድ እናንተ በአውቶቡስ ተመለሱ።

ለምግቡ ኋላ እመለሳለሁ አሁን ሥራ ላይ ነኝ።

ሄኖክ፦
ስለ ቪዛ፣ ሞናኮ የአውሮፓ ኅብረት አባል አይደለችም ግን ከፈረንሳይ ጋር የድንበር ቁጥጥር የለም፣ የሼንገን ቪዛ ይበቃል። መርከቡ ግን ቱኒዝ ወይ ቱርክ ምናምን የሚነካ ከሆነ ከሼንገን ወጥታችሁ ነው የምትመለሱት፣ ቪዛቸው ብዙ ጊዜ መግቢያ መሆኑን እዩ። ደግሞ ስልክ! የጀርመን ሲም አውሮፓ ውስጥ ነጻ ነው ብላችሁ ዳታ ከፍታችሁ እንዳትዞሩ፣ ሞናኮ ከዛ ሕግ ውጪ ናት፣ ኩባንያችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ካርታውን በዋይፋይ አውርዱት።

ትዕግስት የዲሲዋ፦
ብርቱካን ሁሉንም ብላዋለች፣ እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር ምክንያቱም አሁንም ሳስበው ልቤ ይመታል። እኛ ባለፈው ዓመት ሞናኮን እስከ 7 ሰዓት ጨርሰን፣ ኒስ በባቡር ግማሽ ሰዓት እንኳን አይሞላም ተብሎ ሄድን። ስንሄድ ጥሩ ነበር፣ ስንመለስ ግን ሰው ሁሉ ከባህር ዳርቻ የሚመለስበት ሰዓት ነው፣ የመጀመሪያው ባቡር ጢም ብሎ መጣ መግባት አልቻልንም፣ ሁለተኛው ዘገየ፣ እኔ ልጄን ታቅፌ ባለቤቴ ጋሪውን አጥፎ ተሸክሞ ከጣቢያው እስከ ወደቡ ሮጠን 12 ደቂቃ ሲቀረን ነው የደረስነው። በመርከቡ ኤክስከርሽን ከሄድሽ ይጠብቁሻል፣ በራስሽ ከወጣሽ ግን አይጠብቁም፣ ፓስፖርትሽ ክፍልሽ ውስጥ እንዳለ ጥለውሽ ይሄዳሉ። ስለዚህ እናትና ሕፃን ይዘሽ ከሞናኮ አትውጪ። የመጨረሻ መሳፈሪያ ሰዓቱ መርከቡ ከሚነሳበት ቀደም ይላል፣ እሱን ወረቀት ላይ ጽፈሽ ያዢ።

ሯጩ ከስቶክሆልም፦
የ14 ዓመት ልጅ አለኝ ስላልሽ ነው። ሁሉም ስለ ካዚኖና መኪና ነው የሚያወራው፣ ለኛ ለሐበሾች ግን ሞናኮ ማለት የሉዊ ሁለተኛ ስታዲየም ነው። ገንዘቤ ዲባባ ጁላይ 17 ቀን 2015 በ1500 ሜትር 3፡50.07 የገባችው እዛ ነው፣ ከ1993 ጀምሮ የቻይና የነበረውን ሪከርድ ሰብራ። እስከ 2023 ድረስ ማንም አልነካውም፣ ከዛ ነው ኬንያዊቷ ፌይዝ ኪፕዬጎን ፍሎረንስ ላይ ያሻሻለችው። እኔ የመጨረሻውን ዙር ቆሜ ነው ያየሁት፣ ብቻዋን ነበረች ከሰዓቱ ጋር። የቀነኒሳ የ5000 ሜትር 12፡37.35ም ከ16 ዓመት በኋላ የተሰበረው እዛው ሜዳ ላይ ነው፣ በኦገስት 2020 በኡጋንዳዊው ቼፕቴጌ፣ ያን ቀን ደግሞ አላወራም። ስታዲየሙ ከባህር በተወሰደ መሬት ላይ ነው የተሰራው፣ ሜዳው ራሱ ከመኪና ማቆሚያ ጣሪያ በላይ ነው። እናትሽ እንዳይደክሙ ከቤተ መንግሥቱ አደባባይ በምዕራብ በኩል ካለው አጥር ወደ ታች ብታዩ ይታያችኋል፣ ዘጠኝ ቅስት ያለው ነው። ለልጁ አሳየው በይው ለአባቱ።

ብርቱካን ከኒስ፦
ተመለስኩ። ለእማማ ሶካ ግዢላቸው! የሽምብራ ዱቄት በውሃና በወይራ ዘይት ተበጥብጦ በትልቅ ክብ መጥበሻ ምድጃ ውስጥ የሚጋገር ነው፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ብቻ ነው ያለበት፣ ወተት የለ እንቁላል የለ። ከአለቱ ስር ያለው የኮንዳሚን ገበያ ውስጥ አለ፣ ጠዋትና ምሳ ላይ ነው ደህናው ስለዚህ ገዝታችሁ ይዛችሁ ዙሩ። ባርባጁዋን የሚሉት ሳምቡሳ መሳይ አለ፣ ቆስጣ ስላለበት የጾም ይመስላል፣ ግን አይብ አለው እንዳትሳሳቱ።

የሜላት እናት፦
ተመልሰናል! ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሊፍቱ ብርቱካን እንዳለችው ነው፣ እማዬ አንድ ደረጃ እንኳን ሳትወጣ አለቱ ላይ ደረሰች። ዘቦቹን ግን በደንብ አላየንም፣ 20 ደቂቃ ቀደም ብለን ነበር የደረስነው ሰው ሞልቷል፣ ሜላት አባቷ ትከሻ ላይ ሆና ነው ያየችው፣ ስለዚህ የምትሄዱ ከ45 ደቂቃ በፊት ድረሱ። ልጄ ስታዲየሙን ከላይ አይቶ አልበቃውም፣ ከአባቱ ጋር ወርዶ በዙሪያው ሮጦ መጣ። ሶካውን በ7 ሰዓት ገዝተን በወረቀት ጠቅልለን ያዝነው፣ ልክ 9 ሰዓት ላይ ወደቡ ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ ተቀመጥን፣ ቀዝቅዞ ዳር ዳሩ ደርቆ ነበር። እማዬ አማትባ ቆረሰች፣ አንዴ አላመጠችና "ይሄማ የሽምብራ ቂጣ ነው፣ ሚጥሚጣ ነው የጎደለው" ብላ ግማሹን ለሜላት ሰጠቻት። 10 ሰዓት ተኩል ላይ መርከብ ውስጥ ነበርን።