የአያቴ ስፌት ጥበብ ነው ወይስ ዕቃ? ካንትን ያነበባችሁ እርዱኝ

የጀጎል ልጅ (ሐረር)፦
ሰላም ቤቶች። የሥነ ጥበብ ታሪክ ልማር ብዬ ገብቼ ገና በመጀመሪያው ወር ፍልስፍና ውስጥ ተዘፈቅኩ። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት በ1790 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ፣ አንድን ነገር ውብ ነው ስንል ጥቅሙን አስበን መሆን የለበትም ይላል። እሺ። እኔ ግን ያደግኩት ነደባ (የሐረር ቤት መደብ) ላይ ተቀምጬ ግድግዳ ሙሉ የአክርማ ስፌት እያየሁ ነው። እንግዳ ሲመጣ አያቴ አንዱን ታወርድና ዳቦ ታቀርብበታለች፤ ሲያበቃ አራግፋ ትሰቅለዋለች። ታዲያ ሲሰቀል ጥበብ፣ ሲወርድ ዕቃ ሊሆን ነው? አስተማሪዬን ብጠይቀው "እሱ የእጅ ሥራ ነው" ብሎ አለፈኝ። ከነከነኝ።

ከዚራ (ድሬዳዋ)፦
እህቴ፣ ካንትን መንገድ ላይ ጥለሽው ነው። እዚያው መጽሐፍ ላይ ውበትን ነጻና ጥገኛ ብሎ ይከፍለዋል። ለነጻው ከሰጣቸው ምሳሌዎች አንዱ ምን መሰለሽ? የግድግዳ ወረቀት ላይ ያለ የቅጠል ጌጥ! ስለዚህ በሐረጉና በቀለሙ ብቻ ከተደሰትሽ ነጻ ነው፤ "ይሄ ደህና ሞሰብ ነው" ካልሽ ጥገኛ። አንዱን ዕቃ በሁለቱም ዓይን ማየት ይቻላል።

አስተማሪሽም ዝም ብሎ አልተናገረም፤ ካንት ጥበብንና የእጅ ሥራን ይለያል። ግን በምን? ጥበብ እንደ ጨዋታ በራሱ ደስ የሚል ሥራ ነው፤ የእጅ ሥራ ደግሞ አድካሚ ሆኖ ለክፍያው ሲባል የሚሠራ። አያትሽ ሸጠው ያውቃሉ? (በኛ ቋንቋማ የቀሚስ ጥለቱ ራሱ "ጥበብ" ነው የሚባለው።)

ወስፌ (ሐረር)፦
ልጄ፣ እኔ ፍልስፍናውን አላውቅም፤ እሰፋለሁ እንጂ። ጀርባውን ገልብጠሽ አይተሻል? የሰፊ እጅ እዚያ ነው የሚታየው። ፊቱንማ ማንም ያሳምረዋል። አክርማው የት እንደተቀጠለ፣ ጠበቅ ያለው የቱ ጋ እንደላላ እይ። ቀለሙንም ጠይቂ፣ ቤት የተነከረ ነው የሱቅ? ታሪክ የምትይው ይሄ አይደል እንዴ?

የጀጎል ልጅ፦
እናቴ፣ አሁን ገልብጬው መጣሁ። ከፊት ቡናማ የመሰለኝ ከጀርባ ደማቅ ቀይ ነው። ለካ ፀሐይ በልቶት ኖሯል። ከመሃል ወደ ጠርዝ ስሄድ ደግሞ ስፌቱ ድንገት ሰፋ ሰፋ ይላል፣ ሌላ ሰው የጀመረው ይመስላል። ለአያቴ ሳሳያት ሳቀች። "እኔ ጀመርኩት፤ ስታመም እህቴ ጨረሰችው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ማንም አላየብንም" አለችኝ።

@ከዚራ፣ ሸጣ አታውቅም። ለእኔ ግን ነገ ትሰጠኛለች፤ ክፍል ይዤው እገባለሁ።