ሚዛናችን በኪሎ፣ ዋጋው በፓውንድ፦ የሐረር ቡና ውል ላይ ሂሳቡ የሚበላሸው የት ነው?

የሳቢያን ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ውስጥ ቡና ላኪ ጋ የሰነድ ሥራ ለሚጀምር ሰው የሚሆን መልስ እፈልጋለሁ። አቅራቢው በፈረሱላ ያወራል፣ መጋዘኑ በኩንታል ይመዝናል፣ ገዢው ዋጋውን በፓውንድ ይህን ያህል የአሜሪካ ሳንቲም ብሎ ይጽፋል፣ ኮንቴይነሩ ደግሞ በፉት ነው። ውሉ እንግሊዝኛ ነው፣ ጅቡቲ ሲደርስ ፈረንሳይኛ ይጨመርበታል። አንዱ ወደ ሌላው ሲቀየር ስህተት የሚፈጠረው የት ነው? ደግሞስ አብዛኛው ዓለም በኪሎ እየሠራ ቡና ለምን በፓውንድ ይተመናል?

ሚዛን
ከሂሳቡ ልጀምር። አንድ ፓውንድ 0.45359237 ኪሎ ነው። የተጠጋጋ አይደለም፣ ልኩ ይኸው ነው። ስለዚህ 17 ኪሎዋ ፈረሱላ 37.4786 ፓውንድ ትሆናለች። ገዢው 300 ሳንቲም ካለህ ፈረሱላው 112.44 ዶላር ነው። ቶኑን ለማወቅ ሳንቲሙን በ22.0462 አባዛው፣ 6,613.87 ዶላር ገደማ ይመጣል።

አሁን አንድ ባለ 20 ፉት ኮንቴይነር ውሰድ፦ ባለ 60 ኪሎ 320 ጆንያ፣ የተጣራ 19,200 ኪሎ። በትክክለኛው ቁጥር 42,329 ፓውንድ ነው። ብዙ ሰው ግን «በ2.2 አባዛው» ብሎ 42,240 ያወጣል። 89 ፓውንድ እዚያው ቀረ፤ ፓውንዱ 3 ዶላር ከሆነ ከአንድ ኮንቴይነር 266 ዶላር ገደማ ነው። ኤክሴሉ ላይ ሙሉውን ቁጥር አስገባ፣ ማጠጋጋቱን መጨረሻ ላይ ጠቅላላው ዋጋ ላይ ብቻ አድርግ።

ከዚህ የሚብሰው የጆንያው ክብደት ነው። ዋጋ የሚታሰበው በተጣራ ክብደት ነው። ባዶው ጆንያ 700 ግራም ቢመዝን 320ው 224 ኪሎ፣ ማለትም ወደ 494 ፓውንድ ይሆናል። ከነጆንያው 60 ኪሎ ሲል ሚዛኑን ካቆምክ፣ ገዢው መልሶ ሲመዝን ይጎድልበትና ከሂሳብህ ይቆርጣል። መርከብ ላይ ለመጫን የሚጠየቀው የተረጋገጠ ክብደት ደግሞ ሌላ ነው፤ ከሐምሌ 2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ግዴታ የሆነው ማለቴ ነው። እሱ ቡናውም፣ ጆንያውም፣ የውስጥ ንጣፉም፣ ባዶው ኮንቴይነርም ተደምሮ ነው። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ቦታ ተለዋውጠው ሰነድ ላይ ከገቡ ባንኩም ወረቀቱን ይመልስብሃል።

ጀጎል
ሚዛን ያለው ልክ ነው፣ የአጻጻፉ ነገር ግን አይረሳ። ጀርመን ገዢ «19.200 ኪሎ» ብሎ ከላከ አሥራ ዘጠኝ ሺህ ሁለት መቶ ማለቱ ነው፤ ነጥቧ ሺህን መለያ ናት። በፈረንሳይኛ ሰነድ ላይ «19,2 ቶን» ካየህ ነጠላ ሰረዟ የእኛ ነጥብ ናት። መድኃኒቱ ቁጥሩን በፊደልም ማስጻፍ ነው። «ቶን» ብቻ የሚል ውል ላይ አትፈርም፦ የአሜሪካው አጭር ቶን 907 ኪሎ ነው፣ የድሮው የእንግሊዝ ቶን 1,016። «ሜትሪክ ቶን» ይባል።

ቀኑም እንዲሁ። «የኦክቶበር ጭነት» ሲባል ጥቅምትን አትያዝ። ኦክቶበር ከመስከረም 21 እስከ ጥቅምት 21 ነው፣ ጳጉሜ 6 ከዋለች በኋላ ባለው መስከረምና ጥቅምት ደግሞ በአንድ ቀን ወደ ኋላ ይሳባል። ጥቅምት 25 የጫነ ሰው ወሩ አልፎበታል። የሰዓቱም ነገር አለ፦ መጨረሻው 18:00 ከተባለ የእኛ ምሽት 12 ሰዓት ነው።

ለገሀሬ
ለምን ለሚለው ልመልስ። የአረቢካ (የሐረሩም ቡና ወገኑ እሱ ነው) ዋጋ መነሻው የኒውዮርክ ገበያ ነው፣ እዚያ አንዱ ውል 37,500 ፓውንድ። ሌላው የቡና ዓይነት ሮቡስታ ግን ለንደን ላይ በቶን ነው የሚተመነው። ስለዚህ ነገሩ የቡና ሕግ ሳይሆን የገበያው አገር ልማድ ነው። አሜሪካም ብትሆን የሜትርና የኪሎ መለኪያ ስምምነትን ፓሪስ ላይ በ1875 (እ.ኤ.አ.) ፈርማለች፤ ከ1893 ጀምሮ የራሷን ፓውንድ የምትለካው በኪሎ ነው፣ የዛሬው ልክ ደግሞ በ1959 ከእንግሊዝና ከሌሎች ጋር የተስማሙበት ነው። ከሥር ሲታይ ኪሎ አሸንፏል። ፓውንድ የቆየው የድሮው ውል፣ የብዙ ዓመት የዋጋ መዝገብና የነጋዴው ልማድ ሁሉ በእሱ ስለተጻፈ ነው። መለወጥ ከተፈለገ ሁሉም በአንድ ቀን መለወጥ አለበት፣ ለዚያ ወጪ የሚያወጣ የለም።

አቦ፣ እኛ እኮ ይህንን ደጃችን ላይ ማየት እንችላለን። በ1902 (እ.ኤ.አ.) ድሬ የገባው የፈረንሳዮቹ ሐዲድ ስፋቱ ልክ አንድ ሜትር ነው። ቻይናዎች የሠሩት አዲሱ 1,435 ሚሊሜትር ነው፤ ይህ ቁጥር 4 ፉት ከ8 ኢንች ተኩል ነው፣ የእንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ፉርጎ ልክ። አሮጌው የሜትር ልጅ ሆኖ ሳለ አዲሱ በሚሊሜትር የተጻፈ ኢንች ይዞ መጣ። የአንዱ ባቡር በሌላው ላይ አይሄድም፣ 435 ሚሊሜትር ይለያቸዋል። ኮንቴይነሩም ያው ነው፦ «20 ፉት» የሚባለው በውጭ 6.058 ሜትር ነው፣ ከ20 ፉት ትንሽ ያነሰ፤ ሁለቱ ሲደረደሩ በመካከላቸው 76 ሚሊሜትር ክፍተት ኖሮ 40 ፉቱ ቦታ ላይ እንዲገጥሙ ተብሎ። ቀድሞ ዕቃውን የሠራ ሰው ልኩን ይዞ ይቀራል፣ በኋላ የመጣው ይገጥማል።

የሳቢያን ልጅ
ተባረኩ። ታዲያ ገዢውን «ዋጋውን በኪሎ እንጻፈው» ብለው ያስኬዳል?

ሚዛን
ቁርጥ ዋጋ ከሆነ ያስኬዳል፣ በኪሎ የሚገዙ አሉ። ዋጋው ከኒውዮርክ ተነስቶ በኋላ የሚቆረጥ ከሆነ ግን ፓውንዱን ተወው፤ በኒውዮርኩ ዋጋ ላይ የሚደረገው ጭማሪም ቅናሽም በዚያው ነው የሚነገረው። ውሉ ውስጥ «አንድ ሜትሪክ ቶን 2,204.62 ፓውንድ» የሚል መስመር አስገባ፣ ኢንቮይሱ ላይ ኪሎውንም ፓውንዱንም ጎን ለጎን ጻፍ።