ራስ መነቅነቅ "ገብቶኛል" ማለት ነው?

ጥያቄ፦
ሕፃናት ክፍል ለምትሠሩ፤ ስለ ሽሮፕ አሰጣጥ ሲነገራቸው ዓይናቸውን ሰበር አድርገው ራሳቸውን የሚነቀንቁ ወላጆች አሉ። ገብቷቸዋል ብሎ ማለፍ ይቻላል? ልጁን ከመንካት በፊትስ ምን ይደረግ?

መልስ 1፦
አይቻልም! መነቅነቅ ብዙ ጊዜ "እየሰማሁ ነው" ወይም አክብሮት ነው። "ገባዎት?" ብትሉም መልሱ "አዎ" ነው። ይልቅ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ስጧቸውና "5 ሚሊ ሊትር ቀድተው ያሳዩኝ" በሉ። ቢሳሳቱ ፊታችሁ አይኮሳተር፤ "በደንብ አላስረዳሁም" ብላችሁ እንደገና አሳዩ። ዓይን መስበር በብዙ ባህሎች ጨዋነት ነው። "እናቲቱ የምትደብቀው ነገር አለ" ብሎ ካርድ ላይ መጻፍ ቤተሰቡን መበደል ነው።

መልስ 2፦
ስለ መንካት፦ ቁጭ ብላችሁ ከልጁ ዓይን እኩል ሁኑ፤ ወላጅን አስፈቅዱ። ልጁ ጭን ላይ እንዳለ መጀመሪያ ትንፋሽ ቁጠሩ፣ ሙሉ 1 ደቂቃ። ከዚያ ልብ አዳምጡ። ጆሮና ጉሮሮ መጨረሻ ይሁኑ፤ አንዴ ካለቀሰ ቁጥሩ ሁሉ ከፍ ይላል። ራስ እንደ ቅዱስ የሚታይባቸው ባህሎች ስላሉ እርግብግቢቱን ከመዳሰሳችሁ በፊት ለምን እንደሆነ ተናገሩ። አንገት ላይ የታሰረ ክርም ሳይፈቀድ አይቆረጥም።

መልስ 3፦
አስተርጓሚ ካለ ከወላጁ ጎን፣ ትንሽ ወደ ኋላ ይቀመጥ፤ እናንተ የምታዩት ወላጁን ነው። ስለ ሕመምም ልጨምር፦ ዝም ያለ ልጅ አላመመውም ማለት አይደለም። መናገር ለማይችል ልጅ ፍላክ (FLACC) በሚባለው የሕመም መለኪያ ፊትን፣ እግርን፣ እንቅስቃሴን፣ ለቅሶንና መባበልን እያንዳንዳቸውን ከ0 እስከ 2 ስጡ፤ ድምሩ ከ10 ነው። እናቱንም "ሲያመው ምን ያደርጋል?" በሏት፤ ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።