በጥቁር ዓለት ላይ የቆመ ነጭ ወፍ፦ የላባው ዝርዝር እንዳይጠፋ ምን ይደረጋል?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። በዓለታማ የባሕር ዳርቻ ነጭ የባሕር ወፎችን ሳነሳ ዓለቱ በደንብ ይወጣል፤ የወፉ ደረትና ክንፍ ግን አንድም የላባ መስመር የማይታይበት ነጭ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ኮምፒውተር ላይ ብርሃኑን ስቀንሰው ነጩ ግራጫ ይሆናል እንጂ ላባው አይመለስም። የምጠቀመው 400 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሲሆን ፎቶዎቹን በጄፔግ (ካሜራው ራሱ አቀናብሮና ጨምቆ በሚያስቀምጠው ፋይል) አስቀምጣለሁ። ችግሩ ከአነሳሴ ነው ወይስ ከኤዲቲንጉ?

መልስ 1

ከአነሳሱ ነው። የካሜራው የብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማቅረብ ስለሚሞክር፣ ፍሬሙን የሞላው እርጥብ ጥቁር ዓለት ሲሆን ብርሃን ይጨምራል፤ በዚህም የሚጎዳው ጥቂት ቦታ የያዘው ነጭ ወፍ ነው። ወፉ ከዓለቱ ተነሥቶ ነጭ አረፋ ላይ ሲያልፍ ደግሞ መለኪያው ተቃራኒውን ያደርጋል። ስለዚህ ብርሃኑ እስካልተለወጠ ድረስ ካሜራውን ማንዋል (ቅንብሩን በእጅ የሚወስኑበት) ላይ አድርገው ኤክስፖዠሩን (የሚገባውን የብርሃን መጠን) ለነጩ ላባ ቢወስኑ ይሻላል። ወፉ ትንሽ ከሆነ ሂስቶግራሙ (የፎቶውን የብርሃን ስርጭት የሚያሳየው ግራፍ) ላይ የሚታየው ምልክት እጅግ ቀጭን ስለሚሆን፣ የተቃጠለውን (ከብርሃን ብዛት ዝርዝሩ የጠፋውን) ቦታ ብልጭ ድርግም እያደረገ የሚያሳየውን ማስጠንቀቂያ ያብሩ።

ጄፔጉንም ይተዉት። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ሲይዝ 14 ቢት ሮው (ካሜራው ያልተቀናበረውን መረጃ የሚያስቀምጥበት ፋይል) 16,384 ይይዛል። ሆኖም ሴንሰሩ (የካሜራው ብርሃን ተቀባይ) ላይ የተቃጠለን ላባ ሮውም አይመልሰውም።

መልስ 2

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን በቀትር ፀሐይ የተነሣን ነጭ ወፍ የትኛውም ቅንብር ውብ አያደርገውም። ፀሐይ ዝቅ ስትል ብርሃኑ በጎን ስለሚመጣ እያንዳንዱ ላባ የራሱን ቀጭን ጥላ ይጥላል፤ ዝርዝር የምንለውም ይኸው ጥላ ነው። ወፎች ሲነሡም ሲያርፉም ፊታቸውን ወደ ነፋስ ስለሚያዞሩ፣ ነፋሱ ከጀርባዎ ሲሆን ወደ እርስዎ ይመጣሉ። ለበረራ ሻተር ስፒዱን (ብርሃን ወደ ካሜራው የሚገባበትን ጊዜ) 1/2000 ሰከንድ ወይም ከዚያ ያጠረ ያድርጉት።

ጠያቂው

አመሰግናለሁ። ሮው ላይ ብርሃኑን አሳንሼ ካነሣሁት ዓለቱ ጨልሞ አይቀርም?

መልስ 3

ይጨልማል፤ ኤዲቲንግ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው። ወፉን በማስክ (የፎቶውን አንድ ክፍል ብቻ መርጦ ለማስተካከል በሚያስችለው መሣሪያ) ለይተው የጥላውን ክፍል ለዓለቱ ብቻ ከፍ ያድርጉት፤ ነገር ግን አብዝተው ከጎተቱት ኖይዝ (የተዝረከረኩ ነጠብጣቦች) ይወጣል፣ እርጥቡ ዓለትም የደረቀ ይመስላል። እኔ ዓለቱ ጠቆር ብሎ ቢቀር እመርጣለሁ። በወፉ ሆድ ሥር የሚታየው ሰማያዊነት ከሰማዩ ብርሃን የሚመጣ ስለሆነ፣ የመላውን ፎቶ ነጭ ሚዛን (ነጩ ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሚደረገውን የቀለም ማስተካከያ) ሳይነኩ እዚያው ቦታ ላይ በጥቂቱ ይቀንሱት። ሻርፕኒንጉንም (ጠርዞችን ጥርት የሚያደርገውን ማስተካከያ) ለዓይኑ፣ ለምንቃሩና ለላባው ብቻ ይስጡት፤ ዓለቱ ላይ ከዋለ እያንዳንዱ ቅንጣት ጎልቶ ዓይንን ከወፉ ይሰርቃል።