ለሠርግ ቀለበት የላብራቶሪ አልማዝ ወይስ ከመሬት የወጣው?

የጣና ዳር ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከባሕር ዳር ነው። ሠርጋችን ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጧል። እጮኛዬ ዱባይ ነው የሚሠራው፤ ቀለበቱን ከዚያው ይዞልኝ ይመጣል። ሰሞኑን የሁለት ቀለበት ፎቶ ላከልኝ። ሁለቱም አንድ አንድ ካራት ናቸው። አንዱ ላብራቶሪ ውስጥ የተሠራ፣ «የላብ» የሚሉት ነው፣ ሌላው ከመሬት የወጣ። ስልኬን አቅርቤም አርቄም ባይ መለየት አቃተኝ። የዋጋቸው ልዩነት ግን የድንኳኑንና የበሬውን ወጪ ይሸፍናል።

እኔ የላቡን ወድጄዋለሁ። እናቴ ግን «አርቲፊሻል ነው፤ ቀን ሲከፋ የማይሸጥ ነገር ጣትሽ ላይ አታድርጊ» አለችኝ። እሷ የጋብቻ ቀለበቷን ሸጣ ነው ያስተማረችኝ። ስለዚህ ቃሏን በቀላሉ ማለፍ አልቻልኩም። የምታውቁ ንገሩኝ።

አንጥረኛው፦
እህቴ፣ እዚሁ ባሕር ዳር ወርቅ ቤት 16 ዓመት ሠርቻለሁ። አርቲፊሻል የሚባለው ገበያው «ዚርኮን» የሚለው ኪዩቢክ ዚርኮኒያ ነው። አልማዝ ይመስላል እንጂ ሌላ ነገር ነው፤ በጊዜ ብዛትም ይጫራል። የላቡ ግን ራሱ አልማዝ ነው። ሁለቱም ካርቦን ናቸው፤ ጥንካሬያቸውም በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ ከፍተኛው 10 ነው። የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ በአውሮፓውያኑ 1954 ሠርቶታል። አንዱ መንገድ ካርቦንን በከባድ ግፊትና ከ1,300 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት መጭመቅ ነው። ሌላው ሚቴን ያለበት ጋዝ ውስጥ ስስ የአልማዝ ስንጣሪ አስቀምጦ ንብር በንብር ማሳደግ ነው። ሳምንታት ይበቁታል። ከመሬት የሚወጣው ደግሞ አብዛኛው ከአንድ ቢሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አለው።

እኛ ጋ ያለው መሞከሪያ ብዕር ነው የሚያህለው። ሙቀት በድንጋዩ ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ ይለካል። ሁለቱንም «አልማዝ» ይላቸዋል። ለመለየት የተለየ ማሽን ያስፈልጋል። ስለዚህ እጮኛሽ ሰርተፊኬት ያለው ይግዛ። ብዙውን ጊዜ ድንጋዩ ወገብ ላይ በሌዘር የተጻፈ ቁጥር አለ፤ በማጉያ ይታያል። ከወረቀቱ ጋር አመሳክሩት።

ደግሞ ሰው ስለ ድንጋዩ ሲጨነቅ የያዘውን ወርቅ ይረሳል። አምና አንዲት ደንበኛዬ ከዘጌ ስትመለስ፣ ከጀልባ ወርዳ ጣቷን ብታይ ድንጋዩ የለም። ድንጋዩን የያዘው የወርቅ ጥፍር ሳስቶ ነበር። እያለቀሰች መጣች፤ ምን ላድርግላት? 21 ካራት ወርቅ ለስላሳ ነው። ድንጋይ ለመያዝ 18 ይሻላል። የወርቁ ካራት ንጥርነቱ ነው፤ የአልማዙ ካራት ግን ክብደት ነው፣ 0.2 ግራም። እንዳያደናግሯችሁ።

ከውጭ የተመለስኩ፦
ስለ መሸጡ እኔ ልንገርሽ። ከአራት ዓመት በፊት የላብ ገዛሁ። ሲቸግረኝ ወደ ገዛሁበት ሱቅ ሄድኩ። ድንጋዩን አንወስድም አሉኝ። ወርቁን ብቻ መዝነው ከፈሉኝ። ድንጋዩ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። የላቡ ዋጋ በጣም ነው የወረደው። የአልማዝ ኩባንያው ዲ ቢርስ በአውሮፓውያኑ 2018 ላይትቦክስ በሚል ስም የላብ አልማዝ አንዱን ካራት በ800 ዶላር መሸጥ ሲጀምር ርካሽ ተብሎ ነበር። በአውሮፓውያኑ 2025 ያንን ሥራ እንደሚዘጋው አስታወቀ።

የማዕድኑም ቢሆን እንደ ወርቅ አይደለም። የእህቴ ከመሬት የወጣ ነበር፤ ስትሸጠው የገዛችበትን ግማሽ እንኳ አላገኘችም። ያንቺ እናት ያስተማረችሽ በወርቁ ነው።

የወሎ ልጅ፦
የኛውን የደላንታ ኦፓል ድንጋይ ለምን አታደርጊም? ቀለሙ እኮ ልዩ ነው።

አንጥረኛው፦
ወንድሜ፣ ለጉትቻ እስማማለሁ፤ እኔም እወደዋለሁ። ለየቀን ቀለበት ግን አልመክርም። የደላንታው ውሃ ይመጥጣል። ዕቃ ስታጥብበት መልኩ ይቀየራል። ከአልማዝም በጣም የለሰለሰ ነው።

የጣና ዳር ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ማታ ለእናቴ አነበብኩላት። ዝም ብላ ቆየችና «እውነት ነው፣ የኔው ድንጋይም አልነበረው፤ በሚዛን ነው የሸጥኩት» አለች። የላቡን በ18 ወርቅ ልናደርግ ተስማማን። ከልዩነቱ ግማሹን 21 ካራት አምባር እንገዛበታለን፤ አምባሩን የምትመርጠው እሷ ናት። እጮኛዬ ግን ድንጋዩን የያዙት ጥፍሮች አራት ናቸው አለኝ። ስድስት ማስደረግ ይቻላል?

አንጥረኛው፦
ይቻላል። እዚያው ከመግዛቱ በፊት ይጠይቃቸው፤ በኋላ ከመቀየር ያ ይቀላል። ሲመጣ ደግሞ ይዛችሁት ኑ። ጥፍሩንም ቁጥሩንም በማጉያ አብረን እናያለን።