ባክቴሪያው ሄደ፣ ክልከላው ግን አልሄደም፦ የጨጓራ የምግብ ዝርዝር እስከ መቼ ነው?

ጠያቂ፦ የመሐል ሜዳዋ መምህርት (ደብረ ብርሃን)

ጤና ይስጥልኝ። ተወልጄ ያደግሁት መንዝ፣ መሐል ሜዳ ነው፤ አሁን ደብረ ብርሃን አስተምራለሁ። ባለፈው ዓመት ጨጓራዬ ሲያቃጥለኝ ሰንብቶ ብመረመር ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኘብኝ። የ14 ቀኑን መድኃኒት ሳላጓድል ጨረስሁ። ከወር በላይ ቆይቼ በድጋሚ የሰገራ ምርመራ ሳደርግ ባክቴሪያው ጠፍቷል ተባልሁ። ክልከላው ግን እንዳለ ቀረ።

እንዴት እንደ ተጠራቀመ ልንገራችሁ። ከታከምሁበት ቦታ በወረቀት የተሰጠኝ በርበሬ፣ ቡና፣ አልኮልና ሎሚ ብቻ ነበር። ጎረቤቴ ሽሮና ምስር ጨመረችበት፤ የእሷን ጨጓራ የሚቀሰቅሰው ሽሮ ስለ ሆነ። የሥራ ባልደረባዬ እንጀራን “ኮምጣጣ ነው፣ ቁስሉን ይልጠዋል” ብሎ አስተወኝ። በስልኬ የምከታተለው አንድ ሰው ደግሞ ነጭ ሽንኩርትን፣ ጎመንን፣ ስንዴን፣ በመጨረሻም ገብስን ከለከለኝ። የመንዝን ልጅ ገብስ! ለሁሉም እሺ አልሁ። የሚከለክል እንጂ የሚፈቅድ ሰው አላጋጠመኝም።

አሁን የቀረኝ ሩዝ፣ ድንች፣ ካሮትና ወተት ነው። ረቡዕና ዓርብ ወተቱም ይሄዳል። ለቅሶ ቤት ንፍሮ ሲዞር እጄን ስሰበስብ ሰው ይቀየመኛል፤ ሕመሜን ለሁሉም ማስረዳት አልችልም። እናቴ በቅርቡ ልትጠይቀኝ መጥታ ቀሚሴን ከጎኔ በኩል በሁለት ጣቷ ሰብስባ ያዘችና “ይህ ሁሉ ጨርቅ የማን ነው?” አለችኝ። ያመጣችልኝ በሶ እስካሁን መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

እውነቱን ለመናገር ማቃጠሉ ከሄደ ቆይቷል። አልፎ አልፎ ክክ ወይም ባቄላ ስቀምስ ግን ሆዴ ይነፋል፣ ይጮሃል። ያን ጊዜ “ያው ተመለሰብኝ” ብዬ ወደ ሩዜ እመለሳለሁ። ፍልሰታም ደርሳለች። የተውኋቸውን ምግቦች መመለስ ይቻላል? ከየትኛውስ ልጀምር?

መላሽ፦ ጡረተኛው የጤና መኮንን (ሸዋ ሮቢት)

ልጄ ልበልሽ፤ ዕድሜዬ ይፈቅድልኛል። ስለ ምግቡ ከመናገሬ በፊት የቀሚስሽ ነገር አሳስቦኛል። ከሩዝና ከድንች ሌላ የማይቀምስ ሰው ቢከሳ አይገርምም። ነገር ግን ምግብ ጨምረሽም ክብደትሽ መውረዱን ከቀጠለ፣ ሰገራሽ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደም ካስመለሰሽ፣ ምግብ ጉሮሮሽ ላይ መቆም ከጀመረ ወይም የደም ማነስ አለብሽ ከተባልሽ፣ ሙከራውን ትተሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂና ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ጨጓራን የማየት ምርመራ) ያስፈልገኝ እንደ ሆነ ብለሽ ጠይቂ። የብረት እንክብል የምትወስጂ ከሆነ እሱም ሰገራ ስለሚያጠቁር ይህንኑ ለሐኪሙ ንገሪው።

አሁን ወደ ዝርዝሩ። ድሮ ጨጓራ የበርበሬና የብስጭት በሽታ ነው ተብሎ ይታመን ስለ ነበር ሕክምናውም ወተትና አልጫ ነበር። በ1982 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ፣ ፐርዝ ውስጥ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ ሐኪሞች ከሕመምተኞች ጨጓራ የተወሰደውን ባክቴሪያ በላቦራቶሪ ለማሳደግ ቻሉ። ብዙዎች አላመኗቸውም። ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራውን አሳመመ። በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ዋናዎቹ የቁስል መንስኤዎች ይህ ባክቴሪያና እንደ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና አስፒሪን ያሉ መድኃኒቶች ናቸው። በርበሬ ሊያቃጥልሽ ይችላል፤ ቁስል ግን አይፈጥርብሽም። ለራስ ምታትና ለወገብ ሕመም በየመንደሩ የሚዋጠው እንክብል ከሚጥሚጣ ይልቅ ያስፈራኛል። ይኸው ያን ሁሉ ሰው ምክር ስትዘረዝሪ እሱን የጠቀሰልሽ አንድም ሰው አላየሁም።

ባልደረባሽ ስለ እንጀራ የነገረሽንም እንየው። የእንጀራ ኮምጣጣነት የሚመጣው በእርሾ ከሚፈላው ሊጥ ነው። ባዶ ሆድሽ ውስጥ ያለው የጨጓራ አሲድ ግን ከየትኛውም እንጀራ ይበልጥ ይኮመጥጣል፤ እንጀራው ሄዶ ሄዶ ከራሱ የባሰ ኮምጣጣ ውስጥ ነው የሚወድቀው። ቃር ያለበትን ሰው ኮምጣጣ ነገር ሊያስቸግረው ይችላል፣ ይህን አልክድም፤ አንቺ ግን ማቃጠሉ ሄዷል ብለሻል። በፍቅር የያዝሽው ወተት ደግሞ ለጊዜው ያበርድና ቆይቶ አሲዱን ይጨምራል። ከወደድሽው ጠጪው፤ መድኃኒት ነው ብለሽ ግን አይሁን።

ክክና ባቄላ ሲነፉሽ “ተመለሰብኝ” ያልሽው ላይ ትንሽ ልቆይ። ያ ጨጓራ አይደለም፣ የታችኛው አንጀት ሥራ ነው። በጥራጥሬ፣ በሽንኩርት፣ በስንዴና በገብስ ውስጥ ትንሹ አንጀታችን ሊፈጫቸው የማይችል የስኳር ዓይነቶች አሉ። ሳይፈጩ ወርደው ትልቁ አንጀት ሲደርሱ እዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ያፈሏቸዋል፤ ጋዝ የሚፈጠረው ያኔ ነው። የማንኛውም ጤነኛ ሰው ሆድ ይህን ያደርጋል። አንጀቱ ስሜታዊ የሆነ፣ ማለትም በትንሽ ነገር የሚታወክበት ሰው ግን ሕመሙ ይብስበታል። ጋዙ ያሳፍራል፣ ይጨንቃል፤ አንጀትን ግን አያቆስልም።

በስልክሽ የምታዪው ሰውዬ ሽንኩርትንም፣ ስንዴንም፣ ገብስንም አንድ ላይ መከልከሉ ዝርዝሩን ከየት እንዳመጣው ያስገምተኛል። ሜልበርን ያለው የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለስሜታዊ አንጀት ያዘጋጁት አመጋገብ አለ። ሦስት ምዕራፍ አለው። በመጀመሪያው፣ ከ2 እስከ 6 ሳምንት፣ እነዚህ ምግቦች ይቀራሉ። በሁለተኛው አንድ በአንድ እየተመለሱ ይፈተናሉ። በሦስተኛው ሰውየው የሚስማማውን ሁሉ እየበላ የማይስማማውን ብቻ ይቀንሳል። ሰዎች የመጀመሪያውን ምዕራፍ ብቻ ያነቡና የዕድሜ ልክ ፍርድ ያደርጉታል።

አመላለሱ እንዲህ ነው። አንድ ምግብ ምረጪ፤ ሌላው አበላልሽ እንዳለ ይቆይ። መጀመሪያ ቀን ትንሽ፣ ሁለተኛው ቀን ከዚያ ከፍ ያለ፣ ሦስተኛው ቀን ሰው የሚበላውን ያህል ብዪና የተሰማሽን ጻፊ። ካልተስማማሽ ሆድሽ እስኪረጋ ዕረፍት ሰጥተሽ ወደ ሌላው እለፊ። “አልተስማማኝም” ስትዪ ምን ያህሉ እንዳልተስማማሽ አብረሽ ጻፊ፤ አንድ ጭልፋ ሽሮ ተስማምቶሽ ሦስት ጭልፋ ሊነፋሽ ይችላልና። ከየቱ ልጀምር ላልሽው፣ እኔ ብሆን ከጤፍ እንጀራ እጀምራለሁ፤ እሱ ከተመለሰ የማዕዱ ግማሽ ተመለሰ ማለት ነው። ቀጥሎ የእናትሽ በሶ። ሽሮና ክክ ከዚያ በኋላ ይምጡ፤ ባቄላ መጨረሻ ላይ ይሁን። ስንዴና ገብስ ሲበላ የሚብስ፣ ሴሊያክ የሚባል ሕመም ያለበት ሰው በሶም ቂጣም ሊሞክር አይገባውም፤ ለአንቺ ግን እንዲህ ያለ ነገር እንዳለብሽ የነገረሽ የለም።

መላሽ፦ ባለ ምግብ ቤቷ (ደብረ ሲና)

ጋሼ ሁሉንም ተናግረውታል፤ እኔ ስለ ድስቱ ልጨምር። ክኩን ማታ ዘፍዝፊው፤ ጠዋት ውሃውን ድፊና በአዲስ ውሃ ቀቅዪው። ከሚነፋው ነገር የተወሰነው ከውሃው ጋር ይወጣል። ሳይዘፈዘፍ በጥድፊያ የተቀቀለ ክክ አልጫም ቢሆን ሰላም አይሰጥም። ሽንኩርት የሚያስቸግርሽ ከሆነ ገምሰሽ ዘይት ውስጥ አቁላዪና ቁራጮቹን አውጪ፤ መዓዛው ዘይቱ ላይ ይቀራል። ሽሮሽን ውሃ በደንብ እየጠጣ ቀስ ብሎ እንዲንተከተክ ተዪው፤ ዱቄት ዱቄት የሚል ሽሮ ለማንም አይሆንም።

እንጀራውን በተመለከተ፣ ደብረ ብርሃን ቤት ውስጥ ሊጥ በብርዱ የተነሣ ቀስ ብሎ ነው የሚፈላው። ሸዋ ሮቢት ብትሆኚ ኖሮ ሳትደርሺበት ይኮመጥጥብሽ ነበር። ቶሎ የተጋገረ ለጋ እንጀራ ከቆየው ለስለስ ይላል፤ በእሱ ጀምሪ። ቤት የምትጋግሪ ከሆነ ከላይ ያቀረረውን ውሃ በደንብ ድፊ።

ስለ ራሴ ልንገርሽ። የባቄላ ንፍሮ ሌሊቱን ሙሉ ያሰቃየኛል። ስልጆ ግን ያው ባቄላ ሆኖ ሳለ ምንም አይለኝም። በርበሬ በምሳ እበላለሁ፤ ማታ ከበላሁ ተኝቼ ቃር ያንቀኛል። ባለቤቴ በተቃራኒው ስንግ ቃርያ በእራት ላይ ነክሶ እንደ ሕፃን ይተኛል፤ አንድ ብርጭቆ ወተት ግን ሽንት ቤት ያመላልሰዋል። አንድ ቤት፣ አንድ ድስት ነው። ጎረቤትሽ በራሷ ጨጓራ ለአንቺ መፍረዷ ለዚህ አይገባኝም።

መላሽ፦ ምንጃሬው (አረርቲ)

እኔ ግን ሁላችሁንም እቃወማለሁ። “ትንሽ ቅመስና እየው” የሚባለው ልክ ለሚያውቅ ሰው ነው። እኔ አንድ ስኒ ቡና ስፈቅድ ሦስተኛውን የምጠጣ ሰው ነኝ። “ቡና የለም” ካልሁ ግን ነገሩ አለቀ፣ አልጨቃጨቅም። ጥብቅ ደንብ የሚቀለው ሰው አለ፤ ሁሉም ሰው ደብተር ይዞ ሆዱን ሲጠይቅ አይውልም። ደግሞ እዚህ ሦስት ቀን የሚለውን አንብቦ አረቄን የሚፈትን አይጠፋም።

የጾሙን ነገር ማንም ስላልነካው ልናገር። የታመመን ሰው ቤተ ክርስቲያን አታስጨንቅም፤ ነገር ግን ከንስሐ አባትሽ ጋር የምትጨርሺው ጉዳይ ነው እንጂ እዚህ እኛ የምንፈታው አይደለም። ሄደሽ ንገሪያቸው። ሕመምሽን በዝርዝር ንገሪያቸው እንጂ “ጨጓራ አለብኝ” ብቻ ብለሽ አትመለሺ።

ጠያቂ፦ የመሐል ሜዳዋ መምህርት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ክብደቴን መዘንሁ፤ ምግብ ከጨመርሁ ወዲህ መውረዱ ቆሟል። ከዘረዘሯቸው ምልክቶችም አንዱም የለብኝም። ለወገቤ ከፋርማሲ የምገዛው እንክብል ግን ዳይክሎፌናክ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ለውጦልኛል።

እንጀራ ተመልሷል! ሦስተኛውን ቀን ሙሉ እንጀራ በድንች በላሁ፤ ምንም የለም። በሶውን በቀዝቃዛ ውሃና በጨው በጠበጥሁት፤ ትንሹ ተስማማኝ፣ ትልቁ ብርጭቆ ግን ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ ሆዴን አስጮኸው፣ የፊተኛው ረድፍ ተማሪዎችም ሰሙ። ስለዚህ ግማሽ ብርጭቆ ብዬ ጻፍሁ። ባለ ምግብ ቤቷ፣ ክኩ ዛሬ ማታ ይዘፈዘፋል።

የንስሐ አባቴንም አነጋገርሁ። እንደ ጤነኛ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንዳልቆይ፣ ረፋድ ላይ የጾም ምግብ እንድቀምስ ፈቅደውልኛል። ሁለት ነገር ቀረኝ። ጾም የምፈታው በምን ይሻላል? የቡናውስ ነገር?

መላሽ፦ ጡረተኛው የጤና መኮንን

የዳይክሎፌናኩ ጉዳይ ከሁሉም ይልቅ አስደሰተኝ።

ጾም ስትፈቺ ባዶ ሆድሽን በሰናፍጭ ወይም በቃርያ አትቀበዪው። ለብ ያለ የአጃ ወይም የሩዝ ሾርባ፣ ድንች፣ አለበለዚያም የፈተንሽውን ግማሽ ብርጭቆ በሶ አስቀድሚ፤ ወጡ ትንሽ ቆይቶ ይምጣ። አንዴ አጥግበሽ ከመብላት ከፋፍለሽ ብዪ፣ በልተሽም ቶሎ አትተኚ።

ቡናው አይቀርብሽም። ግን ከምግብ በኋላ፣ አንድ ስኒ፣ ቀጠን ተደርጎ ይሁን፤ አቦልን ለሌሎች ትተሽ ከቶና ጀምሪ። ቃር ካመጣብሽ አቁሚው፤ ካላመጣብሽ የምንጃሬውን ሦስተኛ ስኒ ትተሽ በአንዱ እርጊ። አሁን ግን ክኩን ዘፍዝፈሻልና ቡናው ይቆይ፤ ሁለቱን በአንድ ሳምንት አትሞክሪ።